«አንዴ ላስቸግርህ» በሚበዛበት ቢሮ ሥራን በሰዓቱ መጨረስ፦ ዝርዝር መመሪያ

ከጠዋቱ 2:30 ቢሮ የገባ የሂሳብ ሠራተኛ የወሩን የባንክ ሂሳብ ማስታረቂያ ሊሠራ ተቀምጧል እንበል። የባንኩን ስቴትመንት በግራው፣ የመዝገቡን ቅጂ በቀኙ አድርጎ የተገጣጠሙትን ቁጥሮች በቀይ እስክሪብቶ አንድ በአንድ ምልክት እያደረገ ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳለ በሩ ይንኳኳና «አንዴ ላስቸግርህ፣ ይቺን ብቻ ፈርምልኝ» የሚል ባልደረባ ይገባል። እሱ ሳይወጣ ስልክ ይጠራል፤ ስልኩ ሳይዘጋ በመሥሪያ ቤቱ የቴሌግራም ግሩፕ «በአስቸኳይ ይላክልን» የሚል መልእክት ይደርሳል። ሁሉም አልፎ ወደ ስቴትመንቱ ሲመለስ የመጨረሻው ቀይ ምልክት የት እንዳለ ያየዋል፤ ከዚያ ቀጥሎ የትኛውን ቁጥር ይዞ ከየትኛው ጋር ሊያመሳክር እንደነበር ግን ከአእምሮው ወጥቷል። ስለዚህ ገጹን እንደገና ከላይ ይጀምራል። እንዲህ እያለ 11:30 ሲሞላ ሠራተኛው ደክሞታል፣ ማንንም አላስቀየመም፣ የያዘው ሥራ ግን ከጠዋቱ ቦታ ብዙም አልተነቃነቀም።

ይህ መመሪያ በሩን ዘግቶ መቀመጥ ለማይችል ሠራተኛ የተጻፈ ነው። ምሳሌዎቹን የምወስደው ለረጅም ዓመታት ከሠራሁበት ከሂሳብ ክፍል ይሁን እንጂ በሰው ኃይል፣ በግዥ፣ በመዝገብ ቤት ወይም ባለጉዳይ በሚበዛበት በማንኛውም ቢሮ ያለ ሰው ለራሱ ሥራ አስማምቶ ሊጠቀምባቸው ይችላል። መቋረጥን ጨርሶ ማስቀረት እንደማይቻል ከመነሻው መቀበል ያስፈልጋል፤ ባለጉዳይ፣ አለቃና ባልደረባ ሁሉ ወደ እኛ የሚመጡት የሥራችን አካል ስለሆኑ ነው። የሚቻለው አብዛኛውን ጥያቄ ወደ ታወቀ ሰዓት መሰብሰብ፣ የቀረው ሲመጣ ደግሞ ሥራውን የተውንበትን ቦታ ሳናጣ ከወንበራችን መነሣት ነው። ከሁለቱ እኔ አብልጬ የምይዘው ሁለተኛውን ነው፤ ምክንያቱን ያስተማረኝም የራሴ ስህተት ነው። ከዓመታት በፊት የወር ደመወዝ ሳዘጋጅ የአንዲት ሠራተኛን የትርፍ ሰዓት ክፍያ እያስገባሁ ሳለ ተጠርቼ ወጣሁ፤ ስመለስ ያላስገባሁት መስሎኝ ደግሜ አስገባሁት። ስህተቱ የታወቀው ገንዘቡ በባንክ ሂሳቧ ከገባ በኋላ ነበር። በሚቀጥለው ወር ሲቀነስባት የቤት ኪራይ የምትከፍልበት ሳምንት ሆኖ ተቸገረች፤ እኔም ይቅርታ ከመጠየቅ ሌላ ያደረግሁላት ነገር አልነበረም።

አንደኛ ደረጃ፦ የአምስት ቀን መዝገብ መያዝ

ዕቅድ ከማውጣትዎ በፊት ለአምስት የሥራ ቀናት ምንም ሳይቀይሩ የሚያቋርጥዎትን ነገር ሁሉ ይመዝግቡ። ለዚህ ልዩ ነገር አያስፈልግም፤ የሚይዙት አጀንዳ የመጨረሻው ገጽ ይበቃል። ሰዓቱን፣ የመጣውን ሰው ወይም ክፍል፣ የፈለገውን ጉዳይ፣ የወሰደውን ደቂቃና «ይጠብቅ ነበር» ወይም «አይጠብቅም ነበር» የሚለውን ፍርድዎን በአንድ መስመር ያስፍሩ። ለምሳሌ «3:10፣ ግዥ ክፍል፣ የቫውቸር ቁጥር ጠየቁ፣ 4 ደቂቃ፣ ይጠብቅ ነበር» ብሎ መጻፍ በቂ ነው (ቫውቸር የምንለው የክፍያ ሰነዱን ነው)። ፍርዱን ሰውዬው እንደወጣ ወዲያው መጻፍ ይሻላል፤ ማታ ላይ ሲያስቡት ሁሉም ጉዳይ አስቸኳይ የነበረ ይመስላል።

በመዝገቡ ውስጥ የራስዎንም ድርሻ ሳያዳሉ ያስገቡ። ማንም ሳይጠራዎት ስልክዎን አንሥተው ቴሌግራም የከፈቱበትን፣ ከባድ ቁጥር ሲገጥምዎ «እስቲ ሻይ ልጠጣ» ብለው የወጡበትን ሰዓት እንደ ሌላው መቋረጥ ይቁጠሩት። እኔ መጀመሪያ ይህን መዝገብ ስይዝ የሰውን ጥፋት አገኛለሁ ብዬ ነበር፤ ብዙውን ጊዜ ግን ሥራው ሲከብደኝ ምክንያት ፈልጌ የምነሣው ራሴ ሆኜ አገኘሁት።

አምስቱ ቀናት ሲያልቁ ሦስት ነገሮችን ይፈልጉ። የመጀመሪያው ተደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ ነው፤ «የውሎ አበል ለማወራረድ ምን ምን ይዤ ልምጣ?» የሚል ጥያቄ በሳምንት ስምንት ጊዜ ከተጠየቁ መልሱን በአንድ ወረቀት አትመው በሩ ላይ መለጠፍ ስምንቱንም ያስቀራል። ሁለተኛው ጥያቄ የሚበዛበት ሰዓት ነው። በብዙ መሥሪያ ቤቶች ከጠዋቱ 2:30 እስከ 3:15 ድረስ ሰው ገና እየገባና ሰላምታ እየተለዋወጠ ስለሆነ ጸጥታ አለ፤ ከ4:00 በኋላ ግን በሩ አይዘጋም። የእርስዎ ቢሮ ከዚህ ሊለይ ስለሚችል የሌላ ሰው ልማድ ሳይሆን የራስዎ መዝገብ የሚነግርዎትን ይከተሉ። ሦስተኛው ጠቅላላ ድምሩ ነው፤ እሱ ለቀጣዩ ደረጃ ይፈለጋል።

ሁለተኛ ደረጃ፦ በእጅ ያለውን ሰዓት ማወቅ

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የተለመደው የሥራ ሰዓት ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከ2:30 እስከ 6:30 እና ከ7:30 እስከ 11:30 ሲሆን ዓርብ የጠዋቱ ክፍል 5:30 ላይ ያበቃል፤ ይህ ሲደመር በሳምንት 39 ሰዓት ይሆናል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሚተዳደሩ የግል ድርጅቶች ደግሞ መደበኛው ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። አብዛኞቻችን የምንሳሳተው ይህን 8 ሰዓት ሙሉውን የራሳችን አድርገን ስናቅድ ነው። መዝገብዎ በቀን 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ በመቋረጥ እንደሚያልፍ ካሳየና በአማካይ 1 ሰዓት በስብሰባ የሚያሳልፉ ከሆነ፣ በእጅዎ ያለው 4 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። ከየመቋረጡ በኋላ ሐሳብን ለመሰብሰብ የሚጠፋውን ሲቀንሱ ወደ 4 ሰዓት ይጠጋል። እንግዲህ ለነገ ሥራ ሲያቅዱ የ4 ሰዓት ሥራ ብቻ ይጻፉ፤ ከዚያ በላይ መጻፍ ማታ ላይ ራስን ለመውቀስ ምክንያት ማዘጋጀት ነው።

ዓርብን ለብቻው ማየት ይገባል። የምሳው ሰዓት ስለሚረዝምና ብዙ የሥራ ባልደረቦች ወደ ጁምዓ ሶላት ስለሚሄዱ፣ የሌላ ሰው ፊርማ የሚጠብቅ ሥራ ዓርብ ጠዋት ካላለቀ ወደ ሰኞ የመተላለፍ ዕድሉ ሰፊ ነው። ፊርማ የሚፈልገውን ሐሙስ ከሰዓት ማድረስ፣ ለዓርብ ከሰዓት ብቻዎን የሚጨርሱትን ማስቀመጥ ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ሥራውን ማቆሚያ ባለው ቁራጭ መክፈል

«ማስታረቂያ መሥራት» ብሎ በአጀንዳ ላይ የተጻፈ ሥራ በየመሃሉ በሚቋረጥ ቀን አይጨረስም፤ የት ላይ ቢቆም እንደማይበላሽ አይታወቅምና። «የስቴትመንቱን ገጽ 1 ማመሳከር»፣ «ያልተገጣጠሙ ቼኮችን መዘርዘር»፣ «የባንክ አገልግሎት ክፍያዎችን መመዝገብ» ተብሎ ሲከፈል ግን እያንዳንዱ ቁራጭ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ የሚወስድና ሲያልቅ ማቆሚያ ያለው ይሆናል። ፍራንቼስኮ ሲሪሎ የተባለው ጣሊያናዊ በ1980ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ተማሪ ሳለ በቲማቲም ቅርጽ የተሠራ የወጥ ቤት ሰዓት እየሞላ ማጥናት ጀምሮ ያስፋፋው፣ ሥራን በ25 ደቂቃ የሚከፍል ዘዴ በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል። በእኔ ልምድ 25 ደቂቃ ለደብዳቤ ማርቀቅና ለቫውቸር ምርመራ ይበቃል፤ ለማመሳከር ሥራ ግን ዓይን ቁጥሮቹን እስኪለምድ ድረስ ጊዜ ስለሚፈጅ ወደ 40 ማስረዘሙ ይሻላል።

አራተኛ ደረጃ፦ አንድ ሰዓት ማስከበር

አውሮፕላን አብራሪዎች ጥብቅ ደንብ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ ሻርለት ከተማ ለማረፍ ሲቃረብ የተከሰከሰና ከ70 በላይ ሰዎች ያለቁበት አውሮፕላን አደጋ ሲመረመር አብራሪዎቹ በዚያች ወሳኝ ሰዓት ከበረራው ጋር በማይገናኝ ጨዋታ ላይ እንደነበሩ ታወቀ። የአገሪቱ የአቪዬሽን ባለሥልጣን በ1981 ባወጣው ደንብ አውሮፕላኑ ሲነሣ፣ ሲያርፍና በአጠቃላይ ከ10,000 ጫማ በታች ሲበር አብራሪዎቹ ለበረራው ደኅንነት ከሚያስፈልገው በቀር ምንም እንዳይነጋገሩ፣ ማንም ለሌላ ጉዳይ እንዳያቋርጣቸው ከለከለ። ደንቡ በረራውን ሙሉ ዝም በሉ አላለም፤ ስህተት ሕይወት የሚያስከፍልበትን ክፍል ለይቶ ነው ያስከበረው። ከዚህ የምንወስደው ይህን ነው፦ ከቀንዎ ውስጥ ስህተት የሰው ደመወዝ ወይም የመሥሪያ ቤት ገንዘብ የሚነካበትን ሥራ ይለዩና ለእሱ ብቻ አንድ ሰዓት ይጠይቁ።

ሰዓቱ የሚከበረው አስቀድሞ ከሰው ጋር ሲስማሙበት ነው። ጎረቤት ወንበር ካለው ባልደረባ ጋር «ከ2:45 እስከ 3:45 ወደ እኔ የሚመጣውን አንተ ተቀበልልኝ፣ ከ4:00 እስከ 5:00 ያንተን እኔ እቀበላለሁ» ብሎ መለዋወጥ ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ይሠራል፤ ባለጉዳዩ የሚያናግረው ሰው ስላገኘ አይከፋም፣ እርስዎም ቀና ሳይሉ ይሠራሉ። የሚቀበለው ሰው ጉዳዩንና የሰውየውን ስልክ በወረቀት ጽፎ እንዲያስቀምጥ ካልተስማማችሁ ግን ልውውጡ በሁለተኛው ቀን ይፈርሳል፤ በቃል የተቀበለውን መርሳቱ አይቀርምና።

ፊርማን በሰዓት መወሰንም ትልቅ እረፍት ይሰጣል። «ቫውቸር የሚፈረመው 4:30 እና 9:30 ላይ ነው» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ይለጥፉ፤ ከጠረጴዛዎ ጥግ «ለፊርማ» የተባለ ትሪ ወይም ፎልደር ያስቀምጡና የሚመጣው ሁሉ እዚያ እንዲያኖር ያድርጉ። በሰዓቱ ሳያጓድሉ መፈረም ግን ግዴታዎ ነው፤ አንድ ቀን 4:30 ላይ ትሪው ሳይነካ ከቀረ ሰዎች በማግሥቱ እንደቀድሞው በእጃቸው ይዘው ይገባሉ። ከገጠር ወይም ከሌላ ከተማ የመጣን ባለጉዳይ «የፊርማ ሰዓት አይደለም» ብሎ መመለስ ደግሞ ትክክል አይደለም። እሱ በትራንስፖርትና በአልጋ ኪራይ የሚከፍለው ከእኛ አምስት ደቂቃ ይበልጣል፤ ሕጉን ያወጣነው ለሥራው ብለን ስለሆነ ለእሱ ሲባል ይላላ።

ስለ ቴሌግራም ብዙ ማለት አያስፈልግም። ግሩፖቹን ድምፅ ያጥፉ፣ በቀን ሦስት የተወሰነ ሰዓት ይክፈቱ፣ ለአለቃዎና በቅርብ ለሚሠሩ ሰዎች «አስቸኳይ ከሆነ ይደውሉልኝ» ብለው አስቀድመው ይንገሩ። ስልክ ክፍት መሆኑን ካወቁ በጽሑፍ አለመመለስዎን እንደ ንቀት አይቆጥሩትም።

አምስተኛ ደረጃ፦ ተቋርጦ የመነሣት ሥርዓት

የመመሪያው ዋና ነገር ይህ ነው። ተመራማሪዋ ሶፊ ሌሮይ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት ሰው አንድ ሥራ ሳይጨርስ ወደ ሌላ ሲዛወር ከሐሳቡ የተወሰነው በቀድሞው ሥራ ላይ እንደሚቀርና አዲሱን በሙሉ ልብ መሥራት እንደሚያቅተው አሳይተዋል። እኚሁ ተመራማሪ በ2018 ከቴሬሳ ግሎም ጋር ባወጡት ሌላ ጥናት ደግሞ ሰውየው ከመነሣቱ በፊት የት እንደደረሰና ሲመለስ ምን እንደሚያደርግ በአጭሩ ቢጽፍ ይህ የሐሳብ መከፈል እንደሚቀንስ ተገንዝበዋል። እኔ ጥናቱን ያወቅሁት ከደመወዙ ስህተት ብዙ ቆይቶ ነው፤ ሆኖም ያን ዕለት አንድ መስመር ጽፌ ተነሥቼ ቢሆን ኖሮ ያቺ ሠራተኛ አትቸገርም ነበር።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። በሩ ሲንኳኳ ወይም ስልክ ሲጠራ ቀና ከማለትዎ በፊት እጅዎ ላይ ባለው እስክሪብቶ ማቆሚያዎን ይጻፉ። ለዚህ ሁልጊዜ ክፍት የሆነ ትንሽ ደብተር ወይም ስቲከር ከኪቦርዱ አጠገብ ይኑር። ጽሑፉ ሁለት ነገር ይይዛል፦ የደረሱበትንና ቀጥሎ የሚያደርጉትን። ለምሳሌ «ገጽ 3፣ የ14/03 ቼክ 45,200 ብር መዝገብ ላይ የለም፤ ቀጥሎ የቼኩን ጉርድ ማየት» ይላል። «ገጽ 3» ብቻ ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ የሚጠፋብን ቦታው ሳይሆን ልናደርገው የነበረው ነገር ነውና። መረጃ በኮምፒዩተር ሲያስገቡ ደግሞ የጀመሩትን አንድ መስመር ጨርሰው ሴቭ ያድርጉ ወይም መስመሩን ሰርዘው ይነሡ፤ በግማሽ የቆመ መስመር ነው ድግግሞሽ የሚያመጣው። የገባ ሰው ቆሞ እየጠበቀ መጻፍ መጀመሪያ ላይ ያሳፍራል። «አንድ ጊዜ፣ የያዝኳት እንዳትጠፋብኝ» ካሉ ግን ማንም ቅር አይለውም፤ አሥር ሰከንድ ነው የሚፈጀው።

ከጻፉ በኋላ ሰላምታዎን በሙሉ ልብ ይስጡ። እኛ ዘንድ «እንዴት አደርክ፣ ቤተሰብ ደኅና?» ሳይባል ወደ ጉዳይ መግባት ሰውን ያስቀይማል፤ የሰላምታው አንድ ደቂቃ እንደ ብክነት መታየት የለበትም። ቀጥሎ «ስንት ደቂቃ ይፈልጋል?» ብለው ይጠይቁና ከሦስት አንዱን ይወስኑ፤ ከአምስት ደቂቃ በታች ከሆነና ሰውየው ያለ እርስዎ መቀጠል ካልቻለ አሁኑኑ ይጨርሱለት፣ ረዘም ካለ ሰዓት ይቁረጡለት፣ የሌላ ክፍል ሥራ ከሆነ ወደ ማን እንደሚሄድ በስምና በቢሮ ቁጥር ይንገሩት። ሰዓት ሲቆርጡ «ቆየት ብለህ ተመለስ» አይበሉ። «5:15 ላይ ና፣ እጠብቅሃለሁ» ሲባል ሰው አምኖ ይሄዳል፤ «ቆየት ብለህ» የተባለ ሰው ከአሥር ደቂቃ በኋላ በሩ ላይ ይቆማል።

ይሉኝታ እዚህ ላይ ይፈትናል። በዕድሜ የሚበልጡንን ወይም ውለታ የዋሉልንን ሰው «አሁን አልችልም» ማለት ይከብዳል፣ መክበዱም ተገቢ ነው። ስለዚህ አለመቻልን ሳይሆን የሚቻልበትን ሰዓት እናስቀድም፤ «ጋሼ፣ የእርስዎን ጉዳይ ተረጋግቼ ማየት ስለምፈልግ 8 ሰዓት ላይ ቢመጡልኝ፣ አሁን ደመወዝ ይዤ ነው» ቢባል ክብራቸውም ይጠበቃል፣ ሥራውም አይበላሽም። ለአለቃ ደግሞ ምርጫውን ራሳቸው እንዲያደርጉ ማቅረብ ይሻላል፤ «የያዝኩትን ደመወዝ 5 ሰዓት ላይ ነው የማስረክበው። ሪፖርቱን ከዚያ ቀጥዬ ለ9 ሰዓት ባደርስልዎ ይሆናል ወይስ ደመወዙን ላቁመው?» ሲባሉ አብዛኞቹ አለቆች የመጀመሪያውን ይመርጣሉ፤ ሁለተኛውን ከመረጡም መዘግየቱ በእነሱ ዕውቀት ስለሆነ በኋላ ወቀሳ አይመጣም።

ስድስተኛ ደረጃ፦ መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ

መብራት መሄዱና ሲስተም መቋረጡ ከሰው ከሚመጣው መቋረጥ ይለያል፤ መቼ እንደሚመለስ የሚነግረን የለም። ለዚህ ቀን በአጀንዳዎ ላይ «ያለ ኮምፒዩተር የሚሠሩ» የሚል ዝርዝር አስቀድመው ይያዙ፤ የቫውቸር ደጋፊ ሰነዶችን መመርመር፣ ፋይል በቁጥር ማስተካከል፣ የፔቲ ካሽ (ለአነስተኛ ወጪ በእጅ የተያዘ ጥሬ ገንዘብ) ቆጠራ፣ የደብዳቤ ረቂቅ በእጅ መጻፍ፣ የቆዩ ስልኮችን መመለስ በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ዝርዝር የሌለው ሰው መብራት ሲሄድ ኮሪደር ላይ ይቆማል፣ ሲመጣ ደግሞ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሊሠራ ይጣደፋል። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒዩተሩን የሚያቆይ ባትሪ) ካለዎት የሚሰጥዎትን ጥቂት ደቂቃ ሥራ ለመቀጠል አይጠቀሙበት፤ ሴቭ አድርገው፣ ማቆሚያዎን ጽፈው ኮምፒዩተሩን ለመዝጋት ነው።

ሰባተኛ ደረጃ፦ የመውጫ ሰዓትና የወር መጨረሻ

ከ11:15 በኋላ አዲስ ሥራ አይጀምሩ። ሰርቪስ እንዳያመልጥ እየተቻኮሉ የሚገባ ቁጥር በማግሥቱ የሚታረም ቁጥር ነው። በእነዚያ 15 ደቂቃዎች የዕለቱን ማቆሚያዎች አይተው የተዘጉትን ይሰርዙ፣ ለነገ የ2:45 የመጀመሪያ ቁራጭ በአጀንዳው ላይ ይጻፉ፣ ለዚያ የሚያስፈልገውን ሰነድ ጠረጴዛ ላይ ያውጡ። ጠዋት ሲገቡ «ከየት ልጀምር?» እያሉ የሚያጠፉት ሰዓት ይተርፋል።

የወር መጨረሻና የበጀት ዓመት መዝጊያው ሰኔ 30 ግን በዕለታዊ ዘዴ ብቻ አይታለፍም። በሰኔ የመጨረሻ ሳምንታት ሁሉም ክፍል ያልተጠቀመበትን በጀት ይዞ ወደ ሂሳብና ወደ ግዥ ስለሚመጣ ያስከበሩት ሰዓት እንኳ መሸርሸሩ አይቀርም። ከግንቦት ጀምሮ ያልተወራረዱ ሂሳቦችን ዝርዝር ለየክፍሉ በደብዳቤ ማሳወቅና ሰነድ የሚቀርብበትን የመጨረሻ ቀን በአለቃ ፊርማ ማስወሰን ጫናውን ቀደም ወዳሉት ሳምንታት ይስበዋል።

የአምስት ቀኑን መዝገብ ከሦስት ወር በኋላ እንደገና ይያዙና ሁለቱን ጎን ለጎን ለቅርብ አለቃዎ ያሳዩ። «ሥራ በዝቶብኛል» የሚለው አቤቱታ ከሁሉም ስለሚቀርብ አለቃዎ ላያዳምጡት ይችላሉ፤ «በሳምንት 31 ጊዜ ተቋርጫለሁ፣ ከዚህ ውስጥ 12ቱ የአንድ ቅጽ አሞላል ጥያቄ ነው» ተብሎ በወረቀት ሲቀርብላቸው ግን የሚወስኑት ነገር ያገኛሉ። ወደ አለቃዎ ሲገቡ የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ይሁን፦ ቅጹ እንዲሻሻል፣ ወይም የፊርማው ሰዓት ለሁሉም ክፍሎች በውስጥ ማስታወሻ እንዲገለጽ። ማስታወሻውንም ራስዎ አርቅቀው ይዘው ይግቡ፤ ያኔ የሚቀረው መፈረሙ ብቻ ነው።